ናሲሞ የዘጋችው ተዳፋት

የናሲሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን አባቷ ሽሬ በድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላገኘው ሰው ሁሉ ከረሜላ አደለ። ሽሬ ደስታውን የሚያሳይ ሰው አልነበረም። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነው፤ ቆሞ ያድራል፣ ጠዋት መጥቶ ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ኢስታር የልጆች ልብስ ከምትሸጥበት መደብ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ያን ቀን ግን መንገደኛ እያስቆመ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ይል ነበር።

ሽሬ ከድሬ ወጣ ብሎ ያለው የጀልዴሳ ገጠር ሰው ነው። ግመልም ፍየልም ነበረው። ናሲሞ ገና ዳዴ ስትል ድርቅ መጣና መንጋው አለቀ። የተረፉትን ጥቂት ፍየሎች ለታናሽ ወንድሙ ለሮብሌ ትቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ድሬ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ ማውራት አይወድም። ሰው ወደ ሰማይ እያየ «ዘንድሮ እንዴት ይሆን?» ሲል እሱ ወሬውን ወደ ሌላ ነገር ይወስደዋል።

ምደባው ሲወጣ ናሲሞ እንደተመኘችው ሕክምና ደረሳት። ግን ዩኒቨርሲቲው ከድሬ በጣም ሩቅ ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፍ ያጣችው በደስታ አልነበረም። እናቷ ኢስታር ስኳር አለባት፤ ከሰዓት ሲሆን እግሯ ያብጣል፣ መደቡን የምታነሳው ናሲሞ ናት። ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ የዊዳድን ነገር አልረሳችውም። ዊዳድ ከናሲሞ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ ስሙ የሚያስከብር ትምህርት ደርሷት በጭብጨባ ተሸኝታ ነበር። ዓመት ሳይሞላት ተመለሰች። ትምህርቱ አቅቷት አይደለም። መንግሥት ቢያስተምራትም፣ ለመንገዱ፣ ለመጻሕፍቱ፣ ለሳሙናው ሳይቀር የሚልክላት ሰው አልነበረም። ለምን ተመለስሽ የሚላት ሰው ሲበዛባት ውጪ መውጣት ተወች። አሁን ከበር ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች።

ናሲሞ ዊዳድን አንድ ቀን፣ «እንደገና ብትጀምሪ የት ትገቢ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ዊዳድ ሳምቡሳውን እያገላበጠች፣ «የሚያስጨርሰኝ ቦታ» አለች። «ትልቅ ስም ያለው ቦታ አይደለም። እንደኛ ያለውን የሚያስጨርስ።»

ናሲሞ ይህን ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ ኮሌጅ ሄደች። እዚያ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ በዲግሪ ይሰጣል፤ ክፍያው ዝቅተኛ ነው ሲባል ሰምታ ነበር። ያገኘቻቸው መምህርት ሸምሶን ነው፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ እጃቸው ጭቃ የነካ፣ ቀጠን ያሉ ሴት። ናሲሞ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳትጨርስ፣

«ቲቸር፣ ከድሃ ቤት ከሚገቡት ውስጥ ጨርሰው የሚወጡ አሉ?» አለች።

መምህርቷ ትንሽ አዩዋትና ሳቁ። «ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ደመወዙን ነው። ነይ።»

ወደ ችግኝ ጣቢያው ወሰዷት። በሰሌን ጥላ ሥር ተማሪዎች አፈርና ፍግ እየደባለቁ በፕላስቲክ ከረጢት ይሞላሉ። መምህርቷ አንድ በአንድ እያሳዩ ነገሯት። ያ ልጅ አባት የለውም፤ ያቺ የመጣችው ከስደተኛ ጣቢያ ነው፤ እዚህ በመሥራታቸው ይከፈላቸዋል። አቅም ለሌለው ክፍያው ይነሳለታል። መጻሕፍት በውሰት ይሰጣል፤ ምሳ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንደኛ ዓመት ሳይጀመር በሒሳብና በኬሚስትሪ የደከመውን ለብቻው ያስጠኑታል።

«ልጆቹ እንዳይወድቁ አይደለም» አሉ መምህርት ሸምሶ፤ «መውደቁንማ ማንም ይወድቃል። ሲወድቁ የሚያነሳቸው ሰው እንዳያጡ ነው።»

ናሲሞ የዚያኑ ዕለት ወሰነች። ለአባቷ ለመንገር ግን አንድ ሳምንት ፈጀባት።

ሽሬ ሰምቶ ሲጨርስ የያዘውን የሻሂ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ። «ሐኪምነቱን ትተሽ?»

«አቦ፣ እዚያ ብሄድ እንደ ዊዳድ እመለሳለሁ። እዚህ እጨርሳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሆዮን መደብ አነሳለሁ።»

«ምን ልትማሪ?»

«መሬት። ውኃ። ሣር።»

«እኔ» አለ ሽሬ፣ «እኔ ከሰማይ ጋር መጣላት መሮኝ ነው እዚህ የመጣሁት። ቆሜ የማድረው አንቺ ቀና ብለሽ ደመና እንዳትጠብቂ ነው። ተመልሰሽ ልትገቢበት ነው?» ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገራትም።

ለእሷ የተከራከረላት አጎቷ ሮብሌ ነው። ሮብሌ ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት በኋላ አላገባም፤ ልጅ የለውም። ናሲሞ ትምህርት ሲዘጋ ሁሌ ጀልዴሳ እሱ ጋ ነበር የምትከርመው። ፍየል ማለብ ያስተማራት፣ ጊንጥ ሲነድፋት ታቅፎ መንገድ ድረስ የሮጠው እሱ ነው። በሶማሊ ወግ የአባት ወንድም «አዴር» ይባላል፤ አጎትየውም የወንድሙን ልጅ መልሶ «አዴር» ነው የሚላት። ወተት ሊሸጥ ከተማ የመጣ ቀን ነገሩን ሰማና ወንድሙን ቀጥ ብሎ አየው።

«ሽሬ፣ ልጅቷን ተዋት። እኛ ሣር ሲጠፋ የምናውቀው ወደ ሌላ ቦታ መሄድን ነው። አሁን የሚኬድበት ሌላ ቦታ የለም። አንድ ሰው ከኛ መሃል ይማረዋ።»

«በሷ ነው የምትሞክረው?»

«በማን ልሞክር? ያለችኝ እሷ ናት።»

ኮሌጁ ቀላል አልሆነላትም። የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ወደቀች። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አንድ ገጽ ለማንበብ ምሽቱን ሙሉ ይፈጅባት ነበር። ግን መምህርት ሸምሶ እንዳሉት፣ ስትወድቅ ሰው ነበራት፤ ጠዋት ጠዋት የበላይ ዓመት ተማሪዎች ያስጠኗታል፣ ከሰዓት ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፣ ከዚያ ታይዋን ሄዳ የእናቷን መደብ ታነሳለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ራሷ አስጠኚ ሆነች። ለርካሽነቱ ብላ የገባችበትን ትምህርት መቼ እንደወደደችው አታውቅም። አንድ ቀን ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ሰዉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ እሷ ውኃውን ሳይሆን ይዞት የሚወርደውን የአፈር ቀለም እያየች ነበር። «ይሄ ሁሉ የሰው ማሳ ነው» አለች አጠገቧ ለነበረችው እናቷ። ኢስታር እጇን ያዘቻት።

ተመረቀች። ሽሬ በምርቃቷ ቀን ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ ኋላ ቆሞ አየና ሳይሰናበት ሄደ። ኢስታር ግን ሲያጨበጭብ አይታዋለች።

ሥራ ያገኘችው በገጠር ቀበሌዎች የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆና ነው። የተመደበችውም ጀልዴሳ ውስጥ፣ አጎቷ ባለበት ቀበሌ። ከአሸዋው ወንዝ በላይ ያለው ተዳፋት በቦረቦር ተቆራርጦ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሳይቆም አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ ከዓመት ዓመት ሣሩ እየሳሳ ሄዷል። ናሲሞ ተዳፋቱን ለሳምንታት በእግሯ ዞረችው። ከዚያ ሰዉን ሰብስባ፣ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን፣ የድንጋይ ካብ እንሥራበት፣ ሣሩ ሲያገግም እያጨድን እንከፋፈላለን አለች።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሃሊሞ የምትባል፣ ከፍየሎቿ በቀር ምንም የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ተነስታ፣ «ዝናብ ቢቀርስ?» አለች።

«ዝናብ ከቀረ ለከብቱ ድርቆሽ ሣር የሚያመጣ ፕሮጀክት አለ፤ ቃል ገብተውልናል» አለች ናሲሞ። የነገሯትን ነው የነገረቻቸው።

ነገሩ ሊበተን ሲል ሮብሌ ተነሳ። ሮብሌ ብዙ ተናጋሪ አይደለም፤ ሲናገር ግን ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው።

«ይህቺን ልጅ ታውቋታላችሁ፤ እዚህ ነው ያደገችው። ወንድሜ ጥላው እንድትሄድ የፈለገውን ነገር ይዛ የመጣችው ለኛ ብላ ነው። እኔ ፍየሎቼን አወጣለሁ። እናንተስ?»

እሱ ሲያወጣ ሌላውም አወጣ። ያን በጋ ወንድ ሴቱ ድንጋይ ሲያነሳ ከረመ። ካቡ በተዳፋቱ ላይ እንደ ቀበቶ ዞረ። ናሲሞ ማታ ማታ አጎቷ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፤ እሱ ወተት ይሰጣታል፤ ሁለቱም ቀና ብለው ካቡን ያያሉ። በሕይወቷ እንደዚያ የተደሰተችበት ጊዜ የለም።

በቀጣዩ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ክረምቱም መጣሁ ብሎ ተመለሰ። ድርቆሽ ያመጣሉ የተባሉት ሰዎች መጀመሪያ መኪና ተበላሸ አሉ፤ ከዚያ በጀት አልተለቀቀም አሉ፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተዉ። ናሲሞ ቢሮ ለቢሮ ዞረች። ሰዎቹ ሁሉ አዘኑላት፤ ሻሂም ጋበዟት። ድርቆሽ ግን የሰጣት የለም።

ፍየሎች መሞት ጀመሩ። በተዘጋው ተዳፋት ላይ፣ ከካቡ ሥር፣ ያለፈው ዓመት ርጥበት ያበቀለው ሣር ስስ ብሎ ቆሞ ይታያል። ሰዉ እያየው ያልፋል። ኮሚቴው ተሰብስቦ መጨቃጨቅ ቢሰለቸው ነገሩን ለእሷ ተወው። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» አሉ፤ «ክፈቱ ካልሽ እንከፍታለን፤ አትክፈቱ ካልሽ እንጠብቃለን።»

ናሲሞ በመጀመሪያ ባገኘችው መኪና ከተማ ገብታ መምህርት ሸምሶን ፈለገቻቸው። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

መምህርቷ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «አሁን ከተከፈተ ሣሩ ሥር ሳይዝ ያልቃል። ካቡ ይፈርሳል፤ ሰዉም ሁለተኛ አያምንሽም። ካልተከፈተ ፍየል ያልቃል። ይህን ሁለቱንም አስተምሬሻለሁ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እሱን አላስተማርኩሽም፤ ናሲሞ። እኔም አላውቀውም።»

ተመልሳ፣ አይከፈት አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ሮብሌ ወደ ቢሯዋ መጣ። ቢሮ ማለት አንዲት የብሎኬት ክፍል ናት። የቀሩትን ፍየሎቹን ከበሩ ውጪ አቁሟቸዋል። ተቀመጥ ስትለው አልተቀመጠም።

«አዴር» አለ፤ «ግልገሎቹን ብቻ። ያቺን የታችኛዋን ጥግ ብቻ። አንድ ሁለት ቀን፤ ከዚያ ራሴ አወጣቸዋለሁ።»

ናሲሞ ወደ በሩ ቀረበች። «አዴር፣ ላንተ ብከፍት ነገ ሃሊሞ ትመጣለች። ከሷ ኋላ ሁሉም ይመጣል።»

«ሃሊሞም ፍየል አላት።»

«አላት።»

«እኔ ነኝ እኮ ይዘጋ ብዬ የተናገርኩላቸው» አለ። ሊወቅሳት አልነበረም፤ ለራሱ የሚያስታውስ ይመስል ነበር።

«ለዚያ ነው ላንተ ልከፍት የማልችለው» አለች፤ እንባዋ እየመጣ። «ያንተ ፍየል ሲገባ ካዩ፣ የዘመዷን አስገባች ይላሉ።»

ሮብሌ ፍየሎቹን ዞሮ አያቸው። አንዷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ትልስ ነበር። «እውነትሽን ነው» አለ። ዱላውን አነሳ። ናሲሞ በሩ ላይ ወጥታ በስተኋላው ስትጠራው እጁን ብቻ ከፍ አደረገ፤ ደህና ሁኚ እንደማለት።

በዚያው ወደ ኤረር በኩል ዝናብ ጥሏል የሚል ወሬ ሰምቶ ፍየሎቹን ነድቶ ሄደ። ወሬው ውሸት ነበር፤ ወይም እሱ ሲደርስ ቀድሞት የሄደው መንጋ ጨርሶት ነበር። ፍየሎቹ አልቀውበት፣ ከሰል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ብቻውን ሲመለስ ጀልዴሳ አልወረደም፤ ቀጥታ ድሬ፣ ወንድሙ ቤት ገባ።

ናሲሞ ቅዳሜ ስትመጣ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አይቷት ቀና አለና፣

«ካቡ እንዴት ነው? አልፈረሰም?» አለ።

እሱን ስትሰማ ተንበርክካ አለቀሰች። «ይቅር በለኝ፣ አዴር፤ ወላሂ ይቅር በለኝ።»

«አታልቅሺ። ፍየል ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ኢስታር ናሲሞን ይዛ ወደ ውጪ አወጣቻት።

ናሲሞ ያን ቀን አባቷ ይናገረኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ነገርኩሽ፣ አላልኩሽም ወይ፣ ይለኛል ብላ። ሽሬ ግን ልብሱን ለብሶ ወጣና በሳምንቱ ለወንድሙ ከእሱ መጋዘን ትንሽ ራቅ ብሎ ጥበቃ ሥራ አስገኘለት። ሮብሌ የሰጡት ዩኒፎርም ሰፍቶት እጅጌው መዳፉን ይሸፍነው ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ማታ አብረው ይሄዳሉ፣ ጠዋት አብረው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው «አንድ ዓይነት አካሄድ ነው ያላቸው» ይል ነበር።

በሌላው ዓመት ዝናቡ መጣ። ውኃው ካቡን እየተደገፈ ቆመ፣ ሰረገ፤ ተዳፋቱ ላይ ሣሩ ከጉልበት በላይ ሆነ። ጉብኝት የመጡ ሰዎች ፎቶ አነሱ፤ ናሲሞን አመሰገኑ። ታጭዶ ሲከፋፈል የሃሊሞ ፍየሎች ወተት ሰጡ። ሃሊሞ ካሏት ግማሾቹን አጥታለች፤ የቀሩት ግን ዳኑ። ኮሚቴው ለሮብሌም ድርሻውን አስቀመጠለት። እንስሳ የለውም ያለ ሰው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ፣ «የተነጋገርነው ፍየላችሁን ያወጣችሁ ሁሉ ነው፤ እሱ ቀድሞ ነው ያወጣው» አሉ።

ናሲሞ የእሱን ድርሻ ሣር በባጃጅ ጭና ወደሚሠራበት ፓርክ ወሰደችው። ለምን እንደወሰደችው ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሮብሌ ያን ቀን የቀን ተራ ደርሶት ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሸክሙን ስታወርድ አይቶ ተነሳ። ከመሃሉ እፍኝ መዝዞ አሸተተ። ለረጅም ጊዜ አፍንጫው ላይ ይዞት ቆየ።

«የኛ ነው?»

«የኛ ነው፤ አዴር።»

«ወፍሯል።»

ባለባጃጁ ጡሩንባ ነፋ። ናሲሞ ሂሳቧን ከፍላ ስትዞር፣ ውኃ የሚያመላልስ ጋሪ አጠገባቸው ቆሞ አህያው ሣሩን መብላት ጀምሮ ነበር። ባለጋሪው ደንግጦ ሊጎትተው ሲል ሮብሌ ከለከለው። እጁን አህያው ግንባር ላይ አድርጎ፣ «ብላ፣ ብላ» አለው። አህያው እስኪጠግብ ሦስቱም ቆመው አዩት።

ሮብሌ በዚያው ዓመት ሳል ያዘው። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ መድኃኒት ጀመረ፤ ሻል ብሎት እንደገና ወደቀ። ናሲሞ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አጠገቡ ተቀምጣ ሰነበተች። አንድ ቀን ከሰዓት ዓይኑን ገልጦ፣

«አዴር፣ እንደገና ብጠይቅሽ ትከፍችልኝ ነበር?» አላት።

ልትዋሸው ፈለገች። «አላውቅም» አለች።

ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ ያስከፋው አይመስልም ነበር። «እኔም ብሆን አላውቅም» አለ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሞተ። በተናዘዘው መሠረት ጀልዴሳ ነው የተቀበረው፤ ከተዳፋቱ ግርጌ ካለው የመቃብር ቦታ። ወንዶቹ ሬሳውን ይዘው ሲሄዱ ሴቶቹ በሃሊሞ ቤት ቀሩ። ናሲሞ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ የሚሄዱትን ሰዎች ድምፅ እስኪርቅ ሰማች።

ሽሬ ሲመለስ እጁ እስከ ክርኑ አፈር ነበር። ናሲሞ በጆግ ውኃ ይዛ ወጣች፤ ታፈስስለት ጀመር። ዓመታት ሙሉ ከአባቷ ጋር ስለ ሥራዋ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እጁን እያሸ ሳያያት ተናገረ።

«እርጥብ ነበር» አለ።

«ምኑ፣ አቦ?»

«መሬቱ። ስንቆፍር። ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነበር። እዚህ ቦታ እንዲህ ሆኖ አላየሁም።» ከዚያ ጆጉን ተቀብሏት መሬት አስቀመጠውና ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ይዞ አለቀሰ። ለማን እንደሚያለቅስ ሁለቱም አልለዩም።

ናሲሞ አሁንም እዚያው ናት የምትሠራው። ኮሌጁ አዲስ ተማሪ በሚቀበልበት ሰሞን መምህርት ሸምሶ ይጠሯታል፤ ከእናቶቻቸው ጋር የመጡ ልጆችን ታናግራለች። ክፍያው አነስተኛ እንደሆነ፣ የሚደግፋቸው ሰው እንዳለ፣ ከሷ ጋር ከገቡት አብዛኞቹ ጨርሰው እንደወጡ ትነግራቸዋለች። ሁሉም እውነት ነው። ባለፈው አንዲት እናት፣ «አንቺ ራስሽ ደስ ብሎሽ ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት። ናሲሞ፣ «ልጅሽ ትግባ፤ ጎበዝ ናት» ብላ ወደ ሌላዋ ዞረች።

በዚህ ዓመት ከወንዙ ማዶ ያለ ሌላ ተዳፋት እንዲዘጋ ቀበሌው ጠይቋል። አለቃዋ ለምን ታዘገዪዋለሽ እያለ ይደውልላታል። እሷ ድርቆሹ መጥቶ መጋዘን ገብቶ በዓይኗ ካላየች አታስዘጋም። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው መኪና መጣ። ሰዉ እየተቀባበለ ሲያወርድ ናሲሞ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሃሊሞ አጠገቧ መጥታ፣ የተከመረውን እያየች፣ «ይሄ ያኔ በኖረ» አለች።

ናሲሞ መኪናው ላይ ወጥታ ከሰዎቹ ጋር ማውረድ ጀመረች።